ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር ስለ ቢራው ምን ያውቃል?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «አንብበውና ተናደድ» ብሎ ስለ ቤት ውስጥ ቢራ አጠማመቅ የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። ጸሐፊው አዲስ አበባ እንደሚኖሩ ከአገላለጻቸው ያስታውቃል። ሐሳባቸው ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ቢራ ሲብላላ ሙቀቱን መለካትና መቆጣጠር የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር ጠላ ጠምቀው ኖረዋል፤ ለሚጠራጠር ሰው አንድ የግድግዳ ቴርሞሜትር ይበቃዋል፤ ሙቀት ሥራውን ያፈጥናል እንጂ አያበላሽም፤ እርሾውን ለብ ሲል መጨመር ነው፤ አረፋው በቆመ ቀን ቢራው አልቋል፤ በጣም የሞቀበት ፍሪጅ ውስጥ ይክተተው፤ የድሬዳዋ ሰው ደግሞ ካቃተው ሐረር ወጥቶ ይጥመቅ።

የመጨረሻዋ ባትኖር ዝም ብዬ አልፍ ነበር። የምኖረውም የምጠምቀውም ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። በመጀመሪያው ቢራዬ የደረሰብኝን ስለማልረሳ፣ ያንን ጽሑፍ አንብቦ ነገ ባልዲ የሚገዛ የድሬ ልጅ ያሳዝነኛል። ስለዚህ በየተራ ልመልስ።

«እናቶቻችን ሳይለኩ ጠምቀዋል»

ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ ልክ ነው። ሙቀቱን ዝም ብለው ይተዉት ነበር ማለት ግን ጠላ ቤት ጓዳ ገብቶ አለማየት ነው።

ሰፈራችን ውስጥ እማማ የምንላቸው ጠላ ጠማቂ አሉ። ጋናቸው የሚቀመጠው ከጓዳው ጥግ፣ ፀሐይ ከማይነካው ግድግዳ ሥር፣ አሸዋ ላይ ነው። ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ አሸዋውን ጧትና ማታ ውሃ ያጠጡታል፤ ጋኑንም የረጠበ ጆንያ ያለብሱታል። የሚበጠብጡት ሁልጊዜ ማታ ነው። አንድ ቀን ለምን ማታ እንደሆነ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ በቀን ከጀመርኩት ይቸኩላል። የቸኮለ ጠላ ይኮመጥጣል» አሉኝ። ከዚያ ጆንያውን ገለጥ አድርገው መዳፋቸውን የጋኑ ሆድ ላይ አሳረፉ፤ ትንሽ ቆዩና «አሁን ደህና ነው» ብለው መልሰው ሸፈኑት።

ይህ መለካት ካልሆነ ምን ይባላል? እማማ በአንድ ጋን፣ በአንድ ጓዳ፣ ስንት ዓመት የለመደ መዳፍ አላቸው። እርጥቡ አሸዋና ጆንያው ደግሞ ማቀዝቀዣቸው ናቸው፤ ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ጋኑ ራሱ ሸክላ ስለሆነ ትንሽ ያልባል። የእኔ ፕላስቲክ ባልዲ አያልብም፤ መዳፌም ያን ያህል ዓመት የለውም። ድሬዳዋ ላይ ክፍሉም ባልዲውም 33 ዲግሪ ሲሆኑ እጅ ምንም ልዩነት አይሰማውም፤ «ደህና ነው» ይላል፤ እርሾው ግን ደህና አይደለም።

ሌላም አለ። ጠላ ውስጥ እርሾ ብቻውን አይሠራም፤ የሚያኮመጥጡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አብረውት አሉ። ጌሾው፣ የአሻሮው ምሬትና የወይራው ጭስ ሲጨመሩበት ትንሽ የሙቀት ጥፋት መደበቂያ ያገኛል። ኮምጠጥ ማለትም ለጠላ ነውር አይደለም። ከገብስ ብቅልና ምሬት ከሚሰጠው አበባ ከሆፕስ ብቻ የተሠራ ቀላ ያለ ቢራ ግን ራቁቱን ነው፤ ያጠፋነው ሁሉ የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ ይታወቃል።

«የፈረንጅ ቅንጦት» ስለሚሉት ደግሞ፣ ፈረንጆቹም የጀመሩት በችግር ነው። ባቫሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1553 የወጣ ድንጋጌ በእነሱ አቆጣጠር ከሚያዝያው የጊዮርጊስ በዓል እስከ መስከረሙ ሚካኤል ድረስ ቢራ መጥመቅን ከለከለ። በበጋቸው የተጠመቀው እየተበላሸ አስቸገራቸው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ካርል ፎን ሊንደ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ የማቀዝቀዣ ማሽኑን ሲያሻሽል ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቹ መካከል የሙኒክ ቢራ ጠማቂዎች ነበሩ። ዛሬ ስሙ የጉልበት መለኪያ የሆነው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ጁልም የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር፤ ቴርሞሜትር የማንበብ ጥንቃቄው ከየት እንደመጣ መገመት አያቅትም።

«የክፍሉን ሙቀት ማወቅ ይበቃል»

የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በአማርኛችን ውሃም ይፈላል፣ ጠላም ይፈላል። ቃሉን ያወጡት ሰዎች ያዩትን ነው የተናገሩት፤ የሚብላላ ነገር ይንተከተካል፣ ይሞቃልም። እርሾ ስኳር ሲበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ሙቀት ነው። መካከለኛ ጥንካሬ ባለው 20 ሊትር ቢራ ውስጥ እርሾው ከ1.5 ኪሎ በላይ ስኳር ይበላል። ከአንዱ ኪሎ 600 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይወጣል። ያ ሙቀት መውጫ ቢያጣ ቢራውን በ10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያሞቀው ነበር። ባልዲ በጎኑም በክዳኑም ሙቀት ስለሚያስወጣ ያን ያህል አይደርስም፤ ቢሆንም በተጧጧፈበት ቀን ከክፍሉ ከ3 እስከ 6 ዲግሪ ብልጫ ማሳየቱ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ግድግዳው ስለ ግድግዳው ነው የሚነግረን።

የመጀመሪያ ቢራዬን የጠመቅኩት ግንቦት ላይ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር 31 ይላል። «ትንሽ ከፍ አለ፣ ግን ይቻላል» ብዬ ቬንትሌተሩን ከፈትኩለት። ቬንትሌተር ደረቅ ባልዲን ከክፍሉ አየር በታች እንደማያቀዘቅዝ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ እኛን የሚያቀዘቅዘን ላባችንን ስለሚያተን ነው። በሁለተኛው ቀን ጥርጣሬ ገባኝና የኩሽና ቴርሞሜትር በፈላ ውሃ አጥቤ ባልዲው ውስጥ ነከርኩ። 36.5። የእርሾው ፓኬት ላይ የተጻፈው ከ18 እስከ 22 ነው። ክዳኑን ስከፍት አፍንጫዬን የመታኝ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ነበር። በኋላ ለእማማ በብርጭቆ ሰጠኋቸው። አንዴ ቀመሱ፣ ብርጭቆውን ቀስ ብለው ወደ እኔ መለሱና «ልጄ፣ ይሄ ለሰው ነው ለቁስል?» አሉኝ።

እንዴት ይለካ? ርካሹ መንገድ በባልዲው ጎን ላይ የሚለጠፈው ቀለም የሚቀይር ቴርሞሜትር ነው። ከሱ የሚሻለው ደግሞ ኬብል ያለው ትንሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው፤ እኔ ያገኘሁት እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ፣ ለፍሪጅ ብለው የሚሸጡት ዓይነት ነው። የኬብሉን ጫፍ ከፈሳሹ ወለል በታች፣ ከባልዲው ወገብ ላይ አስጠግቶ በፕላስተር መለጠፍ፤ በላዩ እጥፍ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ደርቦ እንደገና በፕላስተር ማሰር። ስፖንጁ ከሌለ ጫፉ ግማሽ ቢራ ግማሽ አየር ይለካል። ስፖንጁ ካለ ግን በውስጡ ካለው ጋር ያለው ልዩነት ብዙ አይደለም፤ ክዳን እየከፈቱ ከመንከር ደግሞ ንጽሕናው ይጠበቃል። ንጽሕና ላይ ጸሐፊው የጻፉትን በሙሉ እቀበላለሁ።

«ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ፈትኑት፤ 100 ካላለ ጣሉት»

እንዳትጥሉት። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃም ቀደም ብሎ ይፈላል። 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባላት ድሬዳዋ 96 ገደማ፣ ሐረር 94 ገደማ፣ ጸሐፊው ባሉበት አዲስ አበባ ደግሞ 92 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ በፈላ ውሃ ውስጥ 100 የሚል ቴርሞሜትር ካላቸው እሱን ነው መጣል ያለባቸው።

ለእኛ የሚሻለው በረዶ ነው። ብርጭቆ ሙሉ የተፈጨ በረዶ፣ ክፍተቱን የሚሞላ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ማማሰል፣ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ። ከፍታ ቢኖር ባይኖር 0 ማለት አለበት። 1.5 ካለ፣ 1.5 እየቀነሱ ማንበብ ነው።

«ሙቀት ያፈጥናል እንጂ አያበላሽም»

የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ይፈጥናል። ሲፈጥን ግን እርሾው ሌሎች ነገሮችም ያመርታል፦ ጉሮሮ የሚያቃጥሉ ከባድ አልኮሎች፣ ሙዝ ሙዝ የሚሸቱና ሙጫ ሙጫ የሚሸቱ ኤስተሮች። የሙዙ ሽታ በአንዳንድ የጀርመን የስንዴ ቢራ ላይ ሆን ተብሎ የሚፈለግ ነው፤ የሙጫውን ግን የሚፈልግ ሰው አላጋጠመኝም። እነዚህ ነገሮች በብዛት የሚወጡት እርሾው በሚራባባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነው። ከዚያ በኋላ ቢራውን ፍሪጅ ውስጥ ወር ብናስቀምጠው የወጣው አይመለስም።

ጸሐፊው ሙቀት የሚወድ የኖርዌይ የገበሬ እርሾ እንዳለ ጠቅሰዋል። እውነት ነው፤ ክቫይክ ይባላል፤ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ውስጥ ጥሩ ቢራ ይሠራል። ለድሬ የተፈጠረ ይመስላል፤ ካገኛችሁ ግዙ። ብቻ እሱም ቢሆን «መለካት ቀረ» ማለት አይደለም። ሰኔ ላይ 34 በሆነ ክፍል ውስጥ የራሱ ሙቀት 5 ቢጨምርበት ጠርዙ ላይ ነው፤ ሌሊት ደግሞ በረንዳ ላይ ከተረሳ በድንገት ቀዝቅዞ ሊያንቀላፋ ይችላል።

«እርሾውን ለብ ሲል ጨምሩ»

ይህ የዳቦ ሊጥ ምክር ነው። የተቀቀለው የብቅል ውሃ 35 ላይ እያለ እርሾ ከገባበት እርሾው በሙቅ ይራባል፤ ጥፋቱም ማቀዝቀዝ ከመጀመራችን በፊት ይጀምራል። መጀመሪያ 18 ላይ ማድረስ፣ ከዚያ እርሾ።

እዚህ ድሬ ላይ ችግር እንዳለ አልክድም። የቧንቧ ውሃችን በግንቦት ከ28 በታች ሲወርድ አላየሁም፤ በቧንቧ ውሃ ብቻ 18 አይደረስም። እኔ ብረት ድስቱን እንደተከደነ ትልቅ ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ መጀመሪያ በቧንቧ ውሃ እስከ 35 አወርደዋለሁ፤ ውሃውን ደፍቼ በአዲስ ውሃና በበረዶ እቀጥላለሁ። እስኪመሽ ካልቀዘቀዘ ወደ ታጠበ ባልዲ ገልብጬ፣ ገጥሜ ከድኜ፣ በበረዶው ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ እርሾው የሚገባው ጧት ነው። ቸኩሎ ማታ ከመጨመር ንጹሕ አድርጎ ማሳደር ይሻላል።

«የሞቀበት ፍሪጅ ውስጥ ይክተተው»

የቤት ፍሪጅ 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። 20 ላይ የሚሠራ እርሾ 4 ላይ ይተኛል፤ ቢራው ግማሽ መንገድ ላይ ስኳሩን ይዞ ይቀራል።

ፍሪጅ የሚጠቅመው በመሃል የሙቀት መቆጣጠሪያ ሲኖር ነው። የፍሪጁ ሶኬት መቆጣጠሪያው ላይ ይሰካል፤ የመቆጣጠሪያው መለኪያ ኬብል ጫፍ ደግሞ ቅድም እንዳልኩት ከባልዲው ጎን በስፖንጅ ይታሰራል። አየር ላይ ካንጠለጠሉት አየሩ 18 ሲደርስ ፍሪጁ ይጠፋል፤ ቢራው ግን ገና 24 ላይ ነው። የማብሪያና የማጥፊያ ልዩነቱን 1 ዲግሪ፣ የሞተሩን የማረፊያ ጊዜ ቢያንስ 3 ደቂቃ ማድረግ ነው፤ ካልሆነ ኮምፕረሰሩ እየበራ እየጠፋ ይቃጠላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ይህ መዘግየት በተለይ ያስፈልጋል።

ለቢራ ብቻ የሚሆን ፍሪጅ ለሌለው ደግሞ እማማ መንገዱን አሳይተውናል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ባልዲው ትልቅ ሳፋ ውስጥ ይቆማል፤ ሳፋው ውስጥ 20 ሊትር ያህል ውሃ። ከቀፊራ ገበያ የገዛሁትን ጆንያ ባልዲው ላይ አለብሰዋለሁ፤ የታችኛው ጫፍ ውሃው ውስጥ ይነከራል፤ ጆንያው እንደ ክር ውሃውን ወደ ላይ ይስባል። ከዚያ ቬንትሌተር። አሁን ቬንትሌተሩ ሥራ አገኘ፤ አንድ ሊትር ውሃ ለመትነን የሚፈልገው ሙቀት 7 ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ ከሚፈልገው አያንስም። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ከአየሩ እንጂ ከባልዲው አይወስድም፤ ቢሆንም በደረቅ ወራት ብቻውን ብዙ ዲግሪ ያወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ሲረጥብ ይደክማል።

የቀረውን በሃይላንድ እጨርሳለሁ። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ፣ በረዶው ሲነፋ የሚይዘው ትንሽ ቦታ ትቶ በረዶ እስኪሆን ማቀዝቀዝ። አንዱ ቀልጦ ሲያልቅ ባልዲውንና የሳፋውን ውሃ በአንድነት 4 ዲግሪ ገደማ የማውረድ አቅም አለው፤ ከውጭ የሚገባው ሙቀት ከዚያ ላይ ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጧት ሁለት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ሁለት፣ ማታ ሁለት። በአንዴ ስድስት ከጨመሩበት ይወድቃል፣ ከዚያ ይወጣል፣ ከዚያ ይወድቃል፤ እርሾ የማይወደው ይህንን መዋዠቅ ነው። ባለፈው ሚያዝያ በዚህ ዘዴ ክፍሉ 32 እያለ ባልዲው ከ19 እስከ 21 ባለው ውስጥ ሰነበተ። ሃይላንዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በቀን ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ ፍሪጁ ውስጥ ለሥጋ ቦታ ጠፍቶ ከእናቴ ጋር ተነጋግረናል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከአራተኛው ቀን በኋላ በረዶውን ማቆም ነው። እርሾው ሲረጋጋ ሙቀት ማምረቱን ይቀንሳል፤ በረዶው ካልቆመ ቢራው ይወርድና እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ይተኛል። ያን ጊዜ ቅቤ ቅቤ የሚል ጣዕም ይቀራል፤ ዳያሴቲል የሚባለው ነው። ወደ 22 ቀስ ብሎ እንዲወጣ ከተተወ እርሾው ራሱ መልሶ ይበላዋል። ለማሞቅ ምንም ማድረግ ስለማያስፈልገን በዚህ በኩል ከአዲስ አበቤዎቹ እንሻላለን።

«ድሬዎች ሐረር ወጥተው ይጥመቁ»

ሐረር ከእኛ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ነፋሻ ናት፤ የቢራ ፋብሪካም አላት። ይህን ሁሉ አምናለሁ። አክስቴ ሸዋ በር አካባቢ ስለምትኖር ሞክሬዋለሁም። ኅዳር ላይ ግድግዳዋ 20 ሲል ባልዲው 25 ነበር። ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለኝም፤ ሐረርም ቢሆን የግድግዳው ቴርሞሜትር ስለ ቢራው አያውቅም። እዚያ አንድ ሳፋ ውሃና እርጥብ ጨርቅ ብቻውን በቃኝ፤ በረዶ አላስፈለገኝም። ብቻ 20 ሊትር ቢራ ይዞ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ መውረድን ለማንም አልመክርም። አተላው ሁሉ ተበጥብጦ ደረሰ፤ ሾፌሩም ሽታውን ሰምቶ ከመነሻ እስከ መድረሻ ሲመክረኝ ነበር።

«አረፋው በቆመ ቀን አልቋል»

አረፋ የሚቆመው ቢራው ሲያልቅ ብቻ አይደለም። ክዳኑ ካልጠበቀና ጋዙ በጎን ካመለጠ፣ እርሾው ከቀዘቀዘ፣ ወይም በሙቀት ከተዳከመም ይቆማል። እርግጡን የሚናገረው ሃይድሮሜትር ነው፤ ፈሳሹ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየው የመስታወት ዘንግ። በሁለት ሦስት ቀናት ልዩነት ለክቶ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ አልቋል። እዚህም ሙቀት አለበት፤ ብዙዎቹ ዘንጎች የተሠሩት ለ20 ዲግሪ ነው፤ 30 ዲግሪ የሆነ ቢራ ውስጥ 1.010 ካለ እውነተኛው 1.012 ወይም 1.013 ነው።

ያ የግንቦቱ ቢራዬ በሦስተኛው ቀን አረፋው ቆመ። ሃይድሮሜትር አልነበረኝም። ጋዝ እንዲኖረው ስኳር ጨምሬ ጠርሙስ ውስጥ ሞልቼ፣ ገጥሜ፣ አልጋ ሥር ደረደርኳቸው። በአምስተኛው ሌሊት፣ 9 ሰዓት አካባቢ፣ አንዱ ፈነዳ። ከዚያ ሁለተኛው። ለካ እርሾው ስኳሩን ገና አልጨረሰም ነበር፤ ጋዙም መውጫ አጣ። እናቴ ከበረንዳው፣ ከተኛችበት ፍራሽ ላይ ተነሥታ «ምንድን ነው? ተኩስ ነው?» እያለች መጣች። ከዚያ ወዲህ ሠፈር ውስጥ የሞተር ሳይክል ጎማ እንኳ ቢፈነዳ «ተነሥ፣ ቢራህን እየው» ትለኛለች።